አንቺ ቅደሚ

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ

ይድረስ ወረፋውን ለሰው ሁሉ ለሚለቀው አባቴ፣

ብደውል ስለ እኔ ጠይቀህ፣ የራስህን ዘለህ፣ መርቀኸኝ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ እጽፋለሁ። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም።

እህቴ ሁሉንም ነግራኛለች። ሳልህን ልትመረመር ጤና ጣቢያ ሄድህ። ተራህ ሲደርስ ከኋላህ ላለችው ሴትዮ ለቀቅህላት። ቀጥሎ ለአንድ ሽማግሌ፤ አንተ ጎረምሳ መሆንህ ነው። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ሳትመረመር፣ እያሳልህ፣ ደስ ብሎህ ቤትህ ገባህ። "ሁሉም አመሰገኑኝ" አልክ አሉ።

አባዬ፣ ይህ ወረርሽኝ ይሉኝታ አያውቅም።

ወፌን ታስታውሳታለህ፤ አብራኝ የምትሠራው፣ በስልክ ያሳቀችህ ነርስ። በሽተኛ ከአልጋው ተነስቶ ሲቆም፣ ጢማም ጎልማሳም ቢሆን፣ "ወፌ ቆመች" እያለች ታጨበጭብለታለች። ስሙ ለራሷ ቀረ። በሽታው እንዳይዘን በምንለብሰው በዚያ የላስቲክ ልብስ ውስጥ ውሃ አይጠጣም፣ ሽንት ቤት አይኬድም፣ ላቡ ጫማ ውስጥ ይጠራቀማል። እስቲ ወጣ በይ ስንላት "እናንተ ውጡ፣ እኔ ደህና ነኝ" ትል ነበር። ባለፈው ወር በሥራ ላይ ወደቀች። ትኩሳቷን ደብቃን ኖሯል። እኛው ክፍል አስተኛናት፣ ኦክስጅን ላይ።

የተረኞቹ ኃላፊ እኔ ነኝ። የሆስፒታላችን ዳይሬክተር ዘንድ ገብቼ ማረፊያ ክፍል ጠየቅሁ።

"ጀግኖች ናችሁ እኮ" አለኝ።

"ጀግናም ይተኛል" አልኩት። እሺ እስኪለኝ ወንበሩን አልለቀቅሁም።

የአሮጌ ፍራሽ መጋዘን ሰጠን። አጠብነው። አንድ አልጋ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ አንድ መስኮት።

አልጋው ሳይነካ ሰነበተ። ተረኞቹ በሩ ላይ ቆመው ይግደረደራሉ፦

"አንቺ ቅደሚ።"

"በሞቴ፣ አንቺ። ዓይንሽ እኮ ቲማቲም መስሏል።"

"ሲፈጠርም እንዲህ ነው።"

"እንግዲያው ወንድማችን ይግባ።"

"እህቶቼ ቆመው እኔ ልጋደም? ሰው ምን ይለኛል?" ይላል ብቸኛው ወንድ ነርሳችን።

እንዲህ ሲባባሉ የዕረፍታቸው ሰዓት ያልቃል። ተመልሰው ልብሱን ይለብሳሉ። ተናደድኩባቸው። ከዚያ ያልተጨማደደውን አንሶላ አየሁና ደነገጥኩ። እኔስ መቼ ተኛሁበት? አለቃቸው ቆማ ማን ይተኛ?

ትናንት በቀትር፣ ሁሉም እያዩኝ ገባሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። በሩን ሆን ብዬ ክፍቱን ተውኩት። ተጋደምኩ። አባዬ፣ አፈርኩ። ጆሮዬ መተላለፊያው ላይ ነው። ማሽን ይጮኻል። ኮቴ። ሳል። ያ ሳል ያንተ መሰለኝ። ሰሞኑን ሁሉም ሳል ያንተ ይመስለኛል። እንቅልፍ በጭራሽ። ዓይኔን ጨፈንኩና በውሸት ማንኮራፋት ጀመርኩ፣ ጮክ አድርጌ።

"ይቺ ሴትዮ ትራክተር ውጣለች" አለች አንዷ ከበሩ።

ሳቁ። እኔም ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ከንፈሬን ነክሼ ማንኮራፋቴን ቀጠልኩ።

ስነሳ "አንቺ ቅደሚ" ያለ ሰው አልነበረም። ትራክተር ያለችኝ ልጅ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ከእሷ በኋላ ወንድማችን ገባ፤ የእሱ ማንኮራፋት የእውነት ነው። ከእንግዲህ ተራውን የሚዘል ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል፤ ነግሬያቸዋለሁ።

ወፌ አልቆመችም፤ አልጋዋን ዛሬ ጠዋት ለሌላ ሰው አነጠፍነው። አንሶላውን እኔ ነኝ የቀየርኩት። ስለ እሱ ሌላ ነገር አትጠይቀኝ።

ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ስለምልክ ዛሬ ማታ ታሳይሃለች፤ ነገ ጠዋት ትሄዳለህ። እህቴ አብራህ ትሰለፋለች፤ ክንድህን አጥብቃ እንድትይዝ አዝዣታለሁ። ተራህ ሲደርስ ግባ። የሚቀየም ይቀየምህ፤ "ሽማግሌው ስግብግብ ነው" ይበሉህ። ሳንባህን አዳምጠው ሲጨርሱ ደውልልኝ። ምርቃትህን የምቀበለው ያን ጊዜ ነው።

ልጅ አባቱን አይመርቅም ትላለህ። ለዛሬ ቻለኝ፦ ወረፋውን ያሳጥርልህ፣ ትንፋሽህን ያርዝምልህ። "ቅደሙ አባት" የሚል ሰው ከገጠመህም፣ እባክህ፣ እሺ በለው።

ታናሿ ልጅህ