ጭረትና ዜሮ

ሚያዝያ 2

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሌሊቱን ዝናብ ለካሁ። ሦስት ሚሊ ሜትር። ንፋስ ከምዕራብ። መዝግቤ፣ ውሃውን ደፍቼ፣ ለቡድኑ ላክሁ። ከዚያ ወደ ስፌቴ። የአምስት ተማሪዎች ዩኒፎርም ቁልፍ ብቻ ቀርቶታል።

በልግ አመሉን አልተወም። ረፋድ ላይ ፀሐይ፣ ከምሳ በፊት በረዶ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳላደረገ ሰው ፀሐይ። የክልሉ ትንበያ፦ "አልፎ አልፎ ዝናብ ሊኖር ይችላል።" ሊኖር ይችላል! እንዲህማ እናቴም ትተነብያለች። እኛ ዝናብ ለካሚዎቹ የተሰባሰብነው ለዚህ አይደል?

ምሽት፣ ልኬታችንን ሰብስቦ በሬዲዮ የሚተነብየው እሱ። ሊቀ ደመና። ስሙን ያወጣለት ቡድናችን ነው፤ ለቀልድ ነበር፣ እሱ ግን ሹመት አደረገው። "ከላይኛው ሰፈር በደረሰን ልኬት መሠረት..." አለ። ከላይኛው ሰፈር ከማን? እዚህ የምለካ እኔ ብቻ ነኝ። ልክ ሲሆን ሰፈሩ ነው የለካው። ስህተት ሲሆን እኔ።

ሚያዝያ 4

ጡብ ሠሪው መንገድ ላይ አገኘኝ። "ወይዘሮ ዜሮ! ዛሬስ ይዘንባል?" ሳቀ። አብረውት ያሉትም ሳቁ። ዓመት ሞላው እኮ... አይሰለቻቸውም?

እንደገና ልጻፈው፤ ስጽፈው ይቀለኛል። አምና ሚያዝያ እናቴን ይዤ ሆስፒታል አደርኩ። አልለካሁም። ጠዋት ኮሪደር ላይ ቆሜ ለቡድኑ ጭረት ላክሁ። ጭረት ማለት "አልተለካም" ነው። ዜሮ ማለት "ተለክቶ ምንም የለም" ነው። ሕጉን ያወጣው ራሱ ሊቀ ደመና ነው! ጭረቴን ዜሮ ብሎ አነበበው። እዚህ ሌሊት ከዘነበ እኩለ ቀን ሳይሞላ ታች ከተማው ላይ ይወርዳል፤ ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ግን "ላይኛው ሰፈር ደረቅ ነው፣ ቀኑ ፀሐይ ነው" ብሎ አወጀ። ጡብ ሠሪዎቹ እርጥቡን ጡብ ሳይሸፍኑት ሄዱ። የሦስት ሳምንት ልፋት ጭቃ ሆነ።

ማታ በሬዲዮ ምን አለ? "ዜሮ ብላ የላከችልን ወይዘሮ ናት።" ወይዘሮ... ዜሮ... ሰው ስም ለማውጣት ምን ቸገረው!

ፊት ለፊት ጠየቅኩት። "ጭረትሽ አጭር ነበረች፣ በደንብ አትታይም" አለኝ። አጭር ጭረት! ይቅርታ የለ፣ እርማት የለ። ከቡድኑ ያልወጣሁት አንድ ቀን እጄ ላይ እንዲወድቅ ነው። ለሌላ ለምንም አይደለም።

ሚያዝያ 9

ልጁ መጣች። የሊቀ ደመና ልጅ። ልታገባ ነው፤ ቬሎዋን እንዳሳጥርላት። "እትዬ፣ ካንቺ ሌላ ማንም እንዲነካው አልፈልግም" አለች። ሰርጉ ቅዳሜ ሚያዝያ 18፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ።

"ድንኳንስ?"

"አባዬ አያስፈልግም ብሏል። የአየሩን ነገር ለኔ ተዉት አለ።"

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። መጮህ ሲገባኝ ሳቅኩ። ለሱ ተዉት... እሺ።

ሚያዝያ 13

ዜሮ። የእውነቱ ዜሮ።

ሚያዝያ 15

የውሸት ቁጥር ልላክ? አልችልም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ የውሸት ቁጥር አልጻፍኩም። ለሱ ብዬ መዝገቤን አላበላሽም።

ጭረትስ? ለቅዳሜ አጥቢያ ቢዘንብ፣ ጠዋት ጭረት ብልክለት፣ እንደ ልማዱ ዜሮ ብሎ ቢያነበው... በራሱ ዓይን፣ በራሱ ልጅ ሰርግ። የኔ ጥፋት የቱ ጋ ነው? ለክቼ አልለካሁም ማለት ውሸት አይደለም ወይ? ተይ እስቲ። እሱ እንቅልፍ ሳይነሳው ዓመት ኖረ።

ልጅቷስ ምን በደለችኝ? ምንም። ይኸው ጻፍኩት። ጽፌው አለፍኩ።

ሚያዝያ 17

ቬሎዋን ወሰደች። ጫፉን ሁለት ጣት ከመሬት ከፍ አድርጌላታለሁ። ለጭቃው ነው? እንጃ። አገላብጣ ሳመችኝ። "እናትሽ ተሻላቸው?" አለች። የሚታጠፍ ነገር ያለ ይመስል ወደ ስፌት መኪናዬ ዞርኩ።

የክልሉ ትንበያ፦ "በአብዛኛው ፀሐያማ።" የአየር ግፊቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ እየወረደ ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ነው። ደስ ብሎኛል። ምን እደብቃለሁ፣ ደስ ብሎኛል።

ሚያዝያ 18፣ ጠዋት

ሌሊት ዘንቧል። ዘጠኝ ሚሊ። ምዕራቡ ጠቁሯል። ለካሁ፣ ደፋሁ፣ ላክሁ፦ ጭረት።

ረጅም ጭረት ነው። ኋላ አጭር ነበረች እንዳይል።

እንዳልጸጸት ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ሚያዝያ 18፣ ከሰዓት



ሦስት ሰዓት ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። ሊቀ ደመና። ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ እያለከለከ።

"ጭረት አየሁ" አለ። "ደወልኩ፣ ደወልኩ... አታነሺም። እናትሽ ደህና ናቸው?"

እናቴ ከኋላዬ ብቅ አለች። "ምን እሆናለሁ? አንተ ሰርግ የለብህም እንዴ?"

ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እናቴን አየ፣ ግቢውን አየ፣ እኔን አየ። "ተመስገን" አለ።  ሊመለስ ሲል ሰማዩ ተቀደደ። ቁልቁለቱ ጎርፍ ሆነ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ እኛ ቤት ታገተ። እናቴ ፎጣ ሰጠችው። ድንኳን የሚያስተክልበትን ጊዜ ዳገት ሲወጣ ጨረሰው። ልጁ ሜዳው ውስጥ ስትገባ አላየም። ቬሎው እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆነ አሉ።

አንጀቴ ቅቤ መጠጣት ነበረበት። የታለ ታዲያ?

ሚያዝያ 20

በሬዲዮ፦ "ከትንበያው በፊት እርማት አለኝ። አምና ዜሮ ያልኩት ልኬት ዜሮ አልነበረም። አልተለካም ተብሎ በትክክል ተልኮልኛል። አንብቤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጡቡ የተበላሸው በኔ ነው።"

እናቴ አጨበጨበች። ጡብ ሠሪው ኮፍያውን አውልቆ እቤት ድረስ መጣ፤ "አፉ በይን፣ አናውቅም ነበር" አለ። ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቃል። እኔ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ።

ሚያዝያ 22

መዝገቡን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሊቀ ደመና በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ጓሮ ቬሎዋን ታጥባለች።

"ቅዳሜ ጠዋት ለክቼ ነበር" አልኳቸው። "ዘጠኝ ሚሊ።"

"አውቃለሁ" አሉ።

"እንዴት?"

"ግቢ ስገባ መጀመሪያ የማየው ዝናብ መለኪያ ነው፣ ልማድ ነው። ጣሪያሽ ይንጠባጠባል፣ መለኪያሽ ባዶ። ሳይለካ የሚደፋ ሰው አለ?"

 ለክቶ መድፋት... እጄ ሳላዘው የሚሠራው ነገር።

"ታዲያ ሰኞ ለታ ለምን እንዲያ ተናገሩ?"

"እሱ የአምናው ነው፣ የኔ ነው። የዘንድሮው ያንቺ ነው።"

ልጅቷ እጇ በአረፋ እንደተሞላ መጣች። "የምን ዘጠኝ ሚሊ?" አለች። አባቷ ወደኔ አዩ። ለሷ አልነገሯትም ለካ።

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ረጅሟን ጭረት ሳይቀር። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ይሂዱልኝ" አለች።

እስከ ዛሬ አንቺ ነበር የምትለኝ።