በዜና ሰዓት የማሰምራቸው መስመሮች

ጌትዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት ገባ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነው። ህሊና ሥራ ገብታለች፤ እኔ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ልጽፍልህ አሰብኩ። ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም። ስለ ቤታችን ልንገርህ እንዳልል አንተ የምታውቀው ቤት የለም። ቃሊቲ የነበረው ቤታችን ለመንገድ ተብሎ ፈረሰና አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለነው። አንዳንዴ፣ ቢመጣ በየት በኩል ያገኘን ነበር እላለሁ። ወዲያው በራሴ እሥቃለሁ፤ ሥቄ ሳበቃ ደግሞ ምኑ እንዳሣቀኝ ይጠፋኛል።

ሰፈሩ ክፉ አይደለም። ደረጃው ጉልበቴን ይዞታል፣ ውሃውም እንደ ፈቀደው ነው የሚመጣው። የከበደኝ ግን አንተን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ድሮ ሰፈራችን የጌታቸው ሹፌሩ ሚስት ነበርኩ። እዚህ የህሊና እናት ነኝ፤ አንተ በመሃል የለህበትም።

ሬዲዮህን ይዤው መጥቻለሁ። ከጅቡቲ መንገድ በተመለስክ ቁጥር ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ ዜና ትከፍት ነበር። እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ ማን ማንን መታ ብዬ ስጠይቅህ፣ ስኳር ዕቃውን አንዱን አገር፣ ጨው ዕቃውን ሌላውን አገር አድርገህ፣ ድንበሩን በማንኪያ እያሳየህ ከሥሩ ታስረዳኛለህ። ልክ ሁን አትሁን እግዜር ይወቀው። ብቻ አንተ ስትነግረኝ ዓለም እኛ ጠረጴዛ ላይ ትበቃ ነበር።

አሁን የሚያስረዳኝ የለም፤ ዜናው ግን እንዳለ አለ። አንተ እያለህ የጀመረው የሱዳን ጦርነት አላለቀም። በላዩ የጋዛው መጣ። አፋር በኩል መሬት በተንቀጠቀጠ ሰሞን ደግሞ እዚህ ድረስ ተሰምቶን፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ደረጃውን ወርጃለሁ። ማን ምን እንደ ሠራ፣ ለምን እንደ ሠራ፣ እንዴት እንደሚያልቅ አንዱንም አልያዝኩትም።

አንድ ቀን ራት እየጠበቅኩ ስለተመታ ሆስፒታል ሲነገር ሰማሁ። የህሊና ቢክ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ያለፈው ዓመት ካሌንደርም አጠገቡ። ካሌንደሩን ገልብጬ ጀርባው ላይ ትንሽ ክብ ሠራሁ። ለምን እንደ ሆነ አትጠይቀኝ። በክቡ ዙሪያ ሌላ መስመር፣ በዚያም ዙሪያ ሌላ፣ ከዚያ እንደ ድሮ መጻሕፍት ሐረግ እየተጠማዘዘ ወደ ዳር ሄደ። ዜናው አልቆ ስፖርት ሲገባ ወረቀቱ ሞልቷል፣ ትንፋሼም ረግቷል። እኔ ሥዕል የምችል ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ፤ ህሊና ልጅ ሆና በግ ሣዪልኝ ስትለኝ የሣልኩላት ወንበር ነበር የሚመስለው። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ምንም አይመስልም። መስመሩን እከተለዋለሁ እንጂ እኔ የምመራው አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ዜና በተከፈተ ቁጥር አሰምራለሁ። አንዱን ቀን ማዕበል፣ አንዱን ቀን ቅጠል ቅጠል፣ አንዱን ቀን እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ። ህሊና ቂሊንጦ ካለው ፋብሪካዋ ስትመለስ አይታ ሣቀችና ስልኳን አወጣች። ውጭ አገር ሰዎች ለጭንቀት ብለው እንደሚያደርጉት፣ ስምም አስተማሪም እንዳለው አሳየችኝ። ልታበረታታኝ ብላ ነው፤ እኔ ግን ከፋኝ። ለካ ለኔ ብቻ የመጣ ነገር አድርጌው ኖሯል።

ሌላም የሚያውከኝ ነገር አለ፣ ጌትዬ። ወረቀቶቹ ያምራሉ። ሰው ባለቀበት ቀን የሠራሁት ሁሉ ያምራል። ይሄ ጸሎት ነው ወይስ በሰው ሞት መጫወት? የንስሐ አባታችን ሲመጡ አውጥቼ አሳየኋቸው። አንድ በአንድ አዩና ስትሠሪ ስለ ማን ታስቢያለሽ አሉኝ። ስለ ማንም አልኳቸው፤ እውነቴን ነው። ወረቀቶቹን መልሰው ሰጡኝና፣ ስትጀምሪም ማረን በዪ፣ ስትጨርሺም ማረን በዪ፣ መሃሉን ለእሱ ተዪው ብለው ባርከውኝ ሄዱ። እንዳሉኝ አደርጋለሁ። ግራ መጋባቴ ግን ያው ነው።

ከፎቃችን ሥር ሱቅ ያላት ዘይነባ የምትባል የስልጤ ልጅ አለች። እህቷ ሰሚራ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ቤይሩት መደብደብ ስትጀምር የሰሚራ ስልክ ዝም አለ። ዘይነባ ሱቁን ለባሏ እየተወች እኔ ጋ መምጣት ጀመረች፤ ሬዲዮውን ብላ ይሁን ወይ ዝም ብላ የምትቀመጥበት ፈልጋ አላውቅም። ላጽናናት ፈለግኩ። አንተ ብትሆን ቢያንስ ስኳር ዕቃውን ታነሣ ነበር። እጄ ወደ ቢኩ ሄደ፤ አፈርኩና መልሼ ላስቀምጠው ስል፣ ለእኔም ይስጡኝ አለች።

እሷ የምትሠራው ሩዝ የሚያካክሉ አራት ማዕዘኖች ነበር፤ አንዱን ካንዱ አስጠግታ፣ ክፍተት ሳትተው። ስልኳን በመሃላችን አድርገን፣ እኔ በኔ ወረቀት እሷ በእሷ፣ ሳንነጋገር እንውላለን። የሷ ወረቀት ከኔ ሁሉ ይበልጥ ያምር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሰሚራ ናት፣ በሰው ስልክ። አሠሪዎቿ ጥለዋት ሸሽተው፣ ከሌሎች ያገሯ ልጆች ጋር ባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ሰንብታለች። ዘይነባ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ አምላኳን አመሰገነች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ወረቀቷን አነሣችና ሰጠችኝ።

“እትዬ፣ ይሄን ይቅደዱልኝ” አለች። “ሳየው፣ ሞታለች ብዬ የቆረጥኩበት ቀን ነው የሚታየኝ።”

አልቻልኩም። ያን ሁሉ ጭንቀት የያዘ ወረቀት ነው፤ ደግሞም ያምራል። የራስሽ እጅ ይቅደደው ብዬ መለስኩላት። ቀደደችው። ግን ቁርጥራጩን አልጣለችውም፤ ሰብስባ በሻርፗ ጫፍ ቋጠረችው።

ሰሚራ ከወራት በኋላ ተመለሰች። ከሲታ ናት፣ ድምጿ አይሰማም። ከዋናው መንገድ የከባድ መኪና ፍሬን ሲጮኽ ትከሻዋን ትሰበስባለች። ከቤት አልወጣ ስትል ዘይነባ እየጎተተች እኔ ጋ አመጣቻት። ሻይ ላቀርብ ስነሣ ሰሚራ ከወረቀቶቹ መሃል አንዱን ስባ ይዛ ኖሯል፤ እንደ አጋጣሚ ቤይሩት ስትደበደብ የሠራሁት ነው። ዘይነባ፣ ይሄ አንቺ የጠፋሽ ጊዜ ነው አለቻት። ሰሚራ ጭኗ ላይ ዘርግታ መስመሩን በጣቷ ከዳር እስከ መሃል ተከተለችው። ሻይዋ ቀዘቀዘ።

“እኔ የትኛዋ ነኝ?” አለችኝ።

አንዱን መስመር ጠቁሜ ይቺ ነሽ ብላት ደስ ይላት ይሆናል። አፌ እምቢ አለኝ። “አላውቅም፣ ልጄ” አልኳት። “ያኔ አንቺን አላውቅሽም ነበር።”

አልተቀየመችኝም። ቢኩን ጠየቀችኝና በሁለት መስመር መሃል ጠባብ ክፍተት ፈልጋ አንዲት ነጥብ ተጭና አኖረች። እዚህ ነኝ አለች። ቀጥላ ሌላ ነጥብ፣ ይቺ ሂሩት ናት፣ ባሕሩ ዳር አብራኝ የነበረች። ሌላ፣ ይቺ የጅማዋ ናት፣ ብርድ ልብሷን ያካፈለችኝ። ሌላም ሌላም። የአንዳንዶቹን ስም አታውቅም፤ ነጥቡን ብቻ ታኖራለች። የተመለሱት የትኞቹ እንደሆኑ አልጠየቅኳትም።

አሁን በዜና ሰዓት ትመጣለች። እሷ አታሰምርም፤ የኔን ጠብቃ ነጥቦቿን ታኖራለች፣ ለማታውቃቸውም አገር ሰዎች። እኔም መስመሬን እንደ ድሮው አጥብቄ መሥራት ትቻለሁ፤ ሳላስበው ክፍት ቦታ እተዋለሁ። ድሮ ወረቀቱ ሲሞላ ትንፋሼ ይረጋ ነበር፤ አሁን አይረጋም። ይሄ ይሻል ይሆን ወይስ ይብስ? አንተን የምጠይቅህ እሱን ነው፤ እንደማትመልስልኝም አውቃለሁ።

ትናንት ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን አይታ ማን ናቸው አለችኝ። ያንተን ወረቀት ላሳያት ፈለግኩ፤ የለኝም። አንተ ያረፍክ ጊዜ ይሄን ነገር አልጀመርኩትም፤ በኋላም ስሞክር መስመሩ መስመር አልሆን ብሎኝ ፊትህ እየመጣ ተውኩት። ስለዚህ በቃል ነገርኳት። ስትሥቅ ድምፅ እንደሌለህ፣ ትከሻህ ብቻ እንደሚንቀጠቀጥ። ዝናብ ሲዘንብ መኪና ውስጥ መተኛት እንደምትወድ። ዘይነባም ቆማ ሰማች። ሰሚራ አንዴ ፈገግ ስትል አየኋት።

ጌትዬ፣ የዓለምን ነገር እንደማውቀው መስዬ ልዋሽህ አልፈልግም። አንተን ግን አውቅሃለሁ። ይህን ደረጃ ወጥቶ በሬን ለሚያንኳኳ ሁሉ ስምህን እነግረዋለሁ፤ እኔ በዚህ ቤት እስካለሁ ድረስ አንተም ለዚህ ሰፈር እንግዳ አትሆንም።

ያንተው አስቴር