ሐዋርያቱ አልተከራከሩም የሚለው ወረቀት

ማክሰኞ፣ የካቲት ፲፩ ቀን

ለውድ አባቴ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ እንደጠናብዎ ሰምቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም እንደ ባለቤቷ እየጮኸች ትሠራለች። ስደውል እህቴ "ተኝተዋል" ትለኛለች። ጠዋትም ተኝተዋል፣ ቀትርም ተኝተዋል። እንቅልፉ ለእኔ ብቻ እንደሆነ ስለገባኝ ጻፍኩ።

ወሬው ቀድሞኝ ደርሶዎታል፤ እውነቱን ግን ከእኔ ይስሙ። እርስዎ አርባ ዓመት በሰበኩባት ቤተ ክርስቲያን፣ በጓሮዋ ክፍል፣ አሥራ አንድ ዓመት ጎልማሶች ሳስተምር ኖሬያለሁ። ባለፈው ወር በር የሚበይደው ሰውዬ እጁን አነሣ።

"እትዬ፣ ጳውሎስ ሰው የሚጸድቀው በእምነት ነው ይላል። ያዕቆብ ደግሞ ሥራ ከሌለ ምን እምነት አለ ይላል። ያስተማሩት አንድ ነገር ነው ወይስ ሁለት?"

አባዬ፣ "ሁሉም አንድ ነው፣ እንጸልይ" ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ብረት ሲበይድ ውሎ፣ ዓይኑ ደም መስሎ የመጣ ነው። እንዴት ልሸንግለው?

"ክርስቶስ ሞቶ መነሣቱን ሁሉም ባንድ አፍ መስክረዋል" አልኩት። "በሌላው ግን ተከራክረዋል። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ ሸሸ። ጳውሎስም በሰው ሁሉ ፊት ገሠጸው።"

ሌሎቹ ቦታውን ፍለጋ መጽሐፋቸውን መግለጥ ጀመሩ። በያጁ ብቻ ሣቀ። "እፎይ! የምንጣላው እኔና ወንድሜ ብቻ መስሎኝ ነበር።"

በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ቢሮው ጠርቶ አንድ ወረቀት ገፋልኝ። "ሐዋርያት በአንዲት ቃል ስንኳ አልተለያዩም" ይላል።

"ፈርሚና ማስተማርሽን ቀጥይ።"

"መጽሐፉ ያልደበቀውን እኔ ልደብቅ?"

"መንጋው ይደናገራል።"

"መንጋው ማንበብ ይችላል፣ ጋሼ።"

የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ልወጣ ስል፣ ዓይኔ እንደገና ወረቀቱ ላይ አረፈ። የእጅ ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው። ያንን ወደ ግራ ያዘነበለ "ሐ" ፊደል ካስቆጠሩኝ ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለካ ጽፈው የላኩለት እርስዎ ነዎት። ወረቀቱን ዳር እስከ ዳር ደግሜ አነበብኩት። ግን አልፈረምኩም። ቢቆጡም፣ ቢያኮርፉም አልፈርምም።

አሁን የምንማረው በያጁ ሱቅ ውስጥ፣ ቀለም ባልተቀቡ በሮች መካከል ነው። ስድስት ሆነን ጀመርን፤ እሑድ አሥራ አራት ደረስን። ሰብሳቢው "በሁለት ሳምንት ይበተናሉ" ብሎ ነበር አሉ። ወንበር አነሰን እንጂ ሰው አላነሰንም።

ማንበብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። "የተጻፈውን እንጂ የምትፈልጊውን አታንብቢ" እያሉ ጣቴን በእርሳስ ይመቱኝ ነበር። እንግዲህ አነበብኩ! ተሳስተሻል ካሉኝ ይምጡና በሰው ፊት ይገሥጹኝ፤ እኔም አፍ አለኝ። በሰው እጅ ወረቀት ግን አይላኩብኝ። ጴጥሮስና ጳውሎስ ተከራክረውም ያገለገሉት አንድ ጌታ ነው። እኔና እርስዎ ከእነሱ በምን ከበድን?

ከመጡ፣ እኔ ቤት አልጋዎን በመስኮቱ በኩል አንጥፌዋለሁ። የደም ግፊት መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ቁጣዎን ያሳጥርልኝ።

ይህን እህቴ ስታነብልዎ አንድ መስመር እንዳትዘል ይንገሯት።

እልኸኛዋ ልጅዎ