መቀነቱ ሳይፈታ

ረቡዕ
ዛሬም አልፈቱልኝም። አማቴ እትዬ ጌጤ፣ የተቀደደ ሆድ ካልታሰረ ነፋስ ይገባዋል ብለው በመቀነት ጠፍንገውኛል። መቱ ሆስፒታል ያሉኝ ሌላ ነው፤ እንዳይታሰር፣ ደረቅ ይሁን፣ ዓርብ መጥተሽ ስፌቱ ይታያል። የእንሽርት ውኃዬ ከፈሰሰ ሁለት ቀን ቆይቼ ነው ከዳሪሙ በቃሬዛ ተሸክመው ያደረሱኝ፤ ሆዴን ቀደው አዋለዱኝ። እንዲህ የዘገየች ሴት ቁስሏ ቶሎ ያመረቅዛል ብሎ ሐኪሙ ተቆጥቶ ነበር። እትዬ ጌጤ እዚያው ቆመው ሰምተዋል። ሰምተውም አሰሩኝ።

ሐሙስ
ብርድ ብርድ ይለኛል። ጠዋት ቅቤ አቅልጠው በመቀነቱ ሥር አፈሰሱብኝ፤ ቅቤ ያልጠጣ ቁስል አይጠግም ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉኝ መጡ። እትዬ ጌጤ ቀድመውኝ መለሱ።
«እሷን የማራት ቢላ ነው።»
ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ሞኝ! ሳቁ ራሱ ስፌቱን ወጋኝ።

ዓርብ
ቀጠሮዬ ዛሬ ነበር። ሴት ስለወለድኩ ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ነው፤ እስከዚያ አራስ ደጅ አትረግጥም አሉ። ባሌን በቀለን ለመንኩት። እናቴ ሰባት ወልዳ ሐኪም አይታ አታውቅም አለኝ። ከሰባቱ ሦስቱን መቅበራቸውንስ ማን ይናገር? 
ይሸተኛል። ቅቤው ነው ይሉኛል። ቅቤ እንዲህ አይገማም። ልጄ ግን ትጠባለች፣ የእኔ ማር፣ ጎበዝ ናት።

ቅዳሜ
ጫልቱ ደረሰችልኝ። የጓሮ ጎረቤታችን ናት፤ ጴንጤ ስለሆነች እትዬ ጌጤ አይወዷትም። ልጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ሽታው መታት። መቀነቱን ገልጣ አየችና በኦሮምኛ «ቶርቶሬራ» አለች፣ በስብሷል። ወጥታ ቃሬዛ የሚሸከሙ ወንዶች ጠራች።
እትዬ ጌጤ እኔን አልከለከሉም። ልጄን ከእቅፌ ወሰዷት።
«አንቺ ሂጂ። ያልተጠመቀች ልጅ ግን ከዚህ ቤት አትወጣም።»
በቀለን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። እግዜር ይይለት። ሄድኩ፣ ምን ላድርግ? ብሞትስ ማን ያጠባታል?

ሰኞ፣ መቱ
ስፌቱን ከፈቱት። የወጣውን አልጽፈውም። በየቀኑ ያጥቡታል፤ ሲያጥቡኝ የአልጋውን ብረት ጨብጬ ጥርሴን እነክሳለሁ። ነርሷ ማነው ቅቤ ያፈሰሰበት ብላ ጮኸች፣ እኔ ላይ። ትኩሳቱ ግን ወርዷል።
ጡቴ ድንጋይ ሆኗል፤ እያለብኩ እደፋለሁ። ምን እያጠጧት ይሆን? በቀለ ስልክ አያነሳም።

ማክሰኞ
ጫልቱ ጋ ደወልኩና ገብተሽ እይልኝ አልኳት። ገባች፤ ስልኩን ልጄ አፍ ላይ አደረገችልኝ። ታለቅሳለች። ድምጿ ሰልሏል፣ ግን አለች። ወተቴ ፈስሶ ፋሻውን አራሰው። ከወዲያ የእትዬ ጌጤን ድምፅ ሰማሁ።
«ተያት፤ እናት የሌላትን ልጅ እቅፍ አታስለምጃት።»
ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።
ነርሷ ቁስሉ ሳይሞላ አትወጪም ብላኛለች። ደግሜ ደወልኩ፣ አይነሳም።
አለሁ እኮ፣ እትዬ ጌጤ። አለሁ።