ጸበልና ክኒን በአንድ ሆድ

ሰኞ

ዘነበች ናት። ሌላ ማንንም አልወቅስም፤ ለዚህ ያበቃችኝ የገዛ ታናሽ እህቴ ዘነበች ናት። ጸበል ላስጠምቅሽ ብላ ፉሪ ቤቷ አመጣችኝና በመጣሁ ማግሥት የድብርት ክኒኔን ሽንት ቤት ጨመረችው። «ጸበልና ክኒን በአንድ ሆድ አይገናኙም፣ እትዬ» አለችኝ። ለጸበሉስ ወድጄ ነው የመጣሁት። ክኒኔን ጣይልኝ ግን አላልኳትም።

ባሌ ከሞተ ወዲህ የምውጠው ነው። የምታክመኝ የጤና ጣቢያ ሐኪም ባለፈው «ደህና ነዎት እማማ፣ ወደፊት ቀስ እያልን እንቀንሰዋለን» ብላኝ ነበር። ቀስ እያልን! ዘነበች አንድ ቀንም አልፈጀባት።

ዛሬ ክኒኑ ከተቋረጠ አራተኛ ቀኔ ነው፤ ራሴን ያዞረኛል። ዓይኔን ወደ ጎን ስመልስ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝር ያደርገኛል። ላብ። ማቅለሽለሽ። ሽሮው ጨው በዛበት ብዬ አለቀስኩ። ሰው በሽሮ ያለቅሳል?

ማክሰኞ

ጸበሉ ሲያርፍብኝ ተንዘፈዘፍኩ። አልጋዬም ላይ ስንዘፈዘፍ ነው ያደርኩት፤ ያኔ ማንም አልተደነቀም። እዚያ ሲሆን ግን ሰዉ እልል አለ። ውሃውን የሚያፈሰው ጎረምሳ «ማነህ? ስምህን ተናገር!» ይለኛል።

«አስካለ ነኝ» አልኩት።

«ስሙን ደበቀ!»

«አስካለ ነኝ አልኩህ እኮ! ቤቴ መካኒሳ ነው!»

«ይዋሻል» አለ። ዘነበች ከኋላዬ ሆና «ልቀቃት! ልቀቃት!» ትላለች። በዚህ ዕድሜዬ ስሜን ተናግሬ የማልታመን ሆንኩ።

ስንመለስ ፊቷ በርቷል። «መንፈሱ ጮኸ እኮ፣ እትዬ! እሁድ ማኅበር ላይ ትመሰክሪያለሽ።»

«ምን ብዬ?»

«ያለ መድኃኒት ዳንኩ ብለሽ ነዋ!»

ይህን ስትለኝ መቆም አቅቶኝ ግድግዳ ተደግፌያለሁ።

ረቡዕ

ባሰብኝ። ባሌ የሞተ ሰሞን ይመጣብኝ የነበረው ሐሳብ ተመለሰ። እዚህ አልጽፈውም። ፈራሁ።

ለዘነበች አሞኛል አልኳት። «ፈተና ነው፣ ቻይው» አለች። እኔ እስከ ዛሬ ያልቻልኩት ምን አለ? ልጅ ሆነን እሷ ትምህርት ቤት ስትላክ እኔ ቤት ቀረሁ፤ ቻልኩ። ይሄን ግን አልችልም። ነገ መካኒሳ ጤና ጣቢያ፣ ሐኪሜ ዘንድ እሄዳለሁ። በስተርጅናም ቢሆን ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ የታክሲውን ታፔላ አንብቤ እሳፈራለሁ። መሪ አልፈልግም።

ሐሙስ

ሄድኩ። ዘነበችም ተከተለችኝ። ገና ሳንቀመጥ ስለ እኔ ታወራ ጀመር። «እሷ እንኳ ድናለች ዶክተር፣ ትንሽ ድካም ነው…»

ሐኪሟ አቋረጠቻት። «እማማ ይንገሩኝ።»

ነገርኳት። ያንን ሐሳብ ጭምር። ዘነበች መሬት መሬት ታይ ጀመር።

ሐኪሟ ንዝረቱም ማዞሩም ክኒኑ ባንዴ በመቋረጡ ነው አለች። አዲስ ክኒን አዘዘችልኝ፣ በድሮው መጠን መልሼ እንድጀምር። ለጊዜው ብቻዬን እንዳልሆን። ሐሳቡ ከመጣ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ። ስረጋጋ ጥቂት ጥቂት እንቀንሳለን፣ ወራት ይፈጃል፤ ከከበደኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንመለሳለን። እንዲህ ነው እንጂ የሚቆም!

«ጸበሉስ?» አለች ዘነበች፣ ቆጣ ብላ።

«ይጠመቁ። እኔም እጠመቃለሁ» አለች ሐኪሟ። ዘነበች ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ አለች። ደስ አለኝ። ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ዓርብ

ክኒኑን ዋጥኩ። ዘነበች አኩርፋ ዋለች። ማታ ላይ አወጣችው። «ማኅበርተኞቹን ምን ልበላቸው? ነግሬያቸዋለሁ እኮ!»

ለካ ያስጨነቃት ይሄ ነው! እሷ ራሷ የደም ግፊት ክኒን ጠዋት ጠዋት ትውጣለች። «ያንቺስ ከጸበል ጋር ይገናኛል?» አልኳት።

«እሱ የደም ነው!»

የእኔ ደግሞ የምን ሊሆን ነው?

ቅዳሜ

ንዝረቱ ቀነስ ብሏል። እንቅልፍ ወሰደኝ። ምሳ ላይ ሽሮው አሁንም ጨው በዝቶበታል፤ ተናገርኳት እንጂ አላለቀስኩም። ዘነበች ስለ ነገ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ዝምታዋን አላምነውም።

እሁድ

ያልኩት አልቀረም። ማኅበሩ ላይ ጸሎቱ እንዳበቃ ዘነበች ብድግ ብላ «እህቴ የምትመሰክረው አላት» አለች። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ተናደድኩ።

ተነሣሁ። «ጸበሉን ወድጄ ነው የተጠመቅኩት። ክኒኑን ያለ ሐኪም ማቋረጤ ግን ሊገድለኝ ነበር። ዛሬም ውጬ ነው የመጣሁት» አልኩና ተቀመጥኩ።

አንዲት ሴትዮ ብቻ «እግዚአብሔር ይማርሽ» አለች። ቀኑን ሙሉ የሰማሁት ደግ ቃል እሱ ነው።

«አዋረድሽኝ» አለች ዘነበች መንገድ ላይ። ክንዴን ግን አልለቀቀችም፣ ዳገቱ ላይ ደግፋኛለች።

ክኒኑን መቼ እንደማቆም አላውቅም። እኔና ሐኪሟ ስንስማማ ይቆማል። ከእንግዲህ ግን ሌላ ሰው ደስ እንዲለው ብዬ ዳንኩ አልልም።