ያልተመረገው ግድግዳ

ጥር 24፣ ጠዋት
ኮቺቶ ዛሬም ቀድሞኛል። ጭዱን በትኖ፣ ውሃ አፍስሶ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይረግጣል። እየዘፈነ! የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ ለመስቀል እንኳ ብቅ አይልም ነበር። አሁን ከሺሺንዳ ድረስ መጥቶ፣ በእናቱ፣ በአማቴ ግቢ፣ ለእኔ የጭቃ ቤት ይሠራል። በነጻ። ደብተሬ፣ አንቺ ታምኛለሽ? እኔ አላምንም። ግን የድሮው ክፍላችን በክረምቱ ከፈረሰ ወዲህ ኪራይ ቤት ነው የማድረው፤ ምርጫ የለኝም።

ጥር 26፣ ከሥራ መልስ
ከት/ቤት ስመጣ ሦስቱ ግድግዳ ተመርጓል። አራተኛው፣ ከአማቴ የጓዳ በር ፊት ለፊት ያለው፣ መሐሉ ክፍት ነው። ማገር እንኳ አልታሰረበትም። ጠየቅኩት። ጭቃው ገና አልቦካም አለ፤ ዓይኔን ሳያይ። ከአንድ ጉድጓድ የወጣ ጭቃ ለሦስቱ ቦክቶ ለአራተኛው ጥሬ ይሆናል? የት/ቤት ጸሐፊ ብሆንም ያደግኩት ጭቃ ቤት ነው።

ጥር 27
ሥራ ላይ ሐሳቤ እዚያው። ግቢው በአማቴ ስም ነው። ግድግዳው ወደ እሳቸው ከተከፈተ የእኔ ቤት የእሳቸው ጓዳ ሆነ ማለት ነው። ነገ ኮቺቶ ሚስት ያመጣል፤ እኔ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ። ወይስ የፈለገው እኔኑ ነው? ዋርሳ የወንድሙን ሚስት የሚወርስበት ዘመን አልፏል። ይሞክራትና ያያታል! አማቴስ? ቤቱን ሥሪ ካሉኝ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ቃል የለም።

ጥር 28፣ ከሰዓት
ኮቺቶ ለልስኑ እበት ሊሰበስብ ወጣ። ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ማገሩን በሐረግ አሰርኩ፤ ክፍቱን ራሴ መረግኩ። ጭቃ እስከ ፀጉሬ። ጠማማ ነው፤ ግን ግድግዳ ነው። የእኔ ግድግዳ። ደስ ብሎኛል።

ጥር 29፣ ማለዳ
ፈርሷል! ዝናብ የለ፣ ከብት የለ። እርጥቡ ጭቃ በእጅ ተቦጭቆ ከሥሩ ተከምሯል። በኮቺቶ ላይ ልጮህ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጠርዙ ላይ የጣት ምልክት አለ። ቀጫጭን ጣቶች፤ አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ። በዚህ ግቢ እንዲህ ያለ አውራ ጣት ያላቸው አማቴ ብቻ ናቸው።

ያው ቀን፣ ረፋድ
ኮቺቶን አፋጠጥኩት። ያስጠሩት እናቱ ናቸው። ቤት ሥራላት፣ ወደ እኔ በር ተውላት፣ እንዳትነግራት ብለው። ገብቼ ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ነጠላ ውስጥ ደበቁ። ከዚያ ተናገሩ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባቸዋል። ወድቄ ብቀር ማን ያውቃል ብለው ይፈራሉ። ቅረቢኝ ማለት አፍረዋል። እኔ ደግሞ ጠልተውኛል ብዬ ስንት ወር! አለቀስኩ፤ እሳቸውም።

በሩ ይሁን አልኩ። መቀርቀሪያው ግን በእኔ በኩል! ኮቺቶ ሳቀ። እኔ የምሬን ነው።

የካቲት 16፣ ማለዳ
የመጀመሪያ ጠዋቴ በቤቴ። ጭድ ጭድ ይሸታል። ኮቺቶ ትናንት ወደ ሺሺንዳ ተሳፈረ። ምንም አልጠየቀኝም። እስካሁን። መቀርቀሪያው በእኔ በኩል ነው። ከበሩ ወዲያ አማቴ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አያንኳኩም፤ ኩሩ ናቸው። ደገሙት። ቆይ ደብተሬ፣ ልክፈትላቸውና