ተኝቶ ኖር አይባልም

ሰኞ

ደክሞኛል። ገና በጠዋቱ ሸዋ ሮቢት ትፋጃለች፤ እኔ ደግሞ ትልልቅ ሰዎችን "አየር ይሳቡ፣ ይልቀቁ" እያልኩ ነው። ግመል ማስነሳት ይሻል ነበር።

ቦታው ጓሯችን፣ የኒሙ ዛፍ ጥላ፣ ሰሌን ላይ። ዮጋ ካልኩ ጠበል የሚረጨኝ አይጠፋምና "የወገብ ስፖርት" ብዬዋለሁ። ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ሆኜ ጂም ውስጥ የተማርኩት ነው።

ተማሪዎቼ፦ እትዬ አስካለ፣ ጎረቤታችን፣ ባለ ሱቅ፤ ወገብና ደም ግፊት አለባቸው። ጋሽ ሰይድ፣ ሽንኩርት ነጋዴ፤ ጉልበትና ጉራ አለባቸው።

ቅደም ተከተሉን ነገርኳቸው። መጀመሪያ ተቀምጦ መተንፈስ። ቀጥሎ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን እንደ ድመት ማጉበጥ፣ እንደ ላም ወደ ታች መለመጥ። ከዚያ ግድግዳ ይዞ መቆም። መጨረሻ ላይ በጀርባ መተኛት። ሲነሱ በጎን ዞሮ፣ ቁጭ ብሎ፣ ቆይቶ። ትንፋሽ አፍኖ መያዝ ክልክል።

ጋሽ ሰይድ አፍነው ያዙ። ፊታቸው ቀይ ሽንኩርት መሰለ። "ጋሼ፣ ይልቀቁ!" ብል በእጃቸው ቆይ ይሉኛል። ሲለቁ፣ "ልጅ ሆኜ ወንዝ ስጠልቅ ሰው ሞተ ብሎ ያለቅስልኝ ነበር" አሉ።

እትዬ አስካለ፣ "አሁንም ልናለቅስ ነበር።"

ማክሰኞ

ተንበርክኮ ግንባር መሬት የሚያስነካውን ጀመርን። ለእትዬ አስካለ ጭንቅላታቸው እንዳይወርድ ትራስ ደረብኩላቸው።

ጋሽ ሰይድ፣ "ይቺንማ በቀን አምስት ጊዜ እሠራታለሁ። ለዚህ ነው የጠራሽኝ?"

እትዬ አስካለ፣ "እኔም በሕማማት ስሰግድ እውላለሁ።"

ታዲያ ሁለቱም ሲቃኑ እንደ አሮጌ በር የሚንቋቁት ለምንድን ነው? አፌ ላይ ነበር።

በጀርባ መተኛት ሲደርስ እትዬ አስካለ እምቢ አሉ። "በቁሜ አትገንዢኝ!" ለምኜ አስተኛኋቸው። አንኮራፉ።

ከሰዓት ሱቃቸው ሄድኩ፤ ቆመው ይሸጣሉ! ወገባቸው ከያዛቸው ወዲህ ወንበር ላይ ሆነው ደንበኛውን "ራስህ አውርደው" ነበር የሚሉት። ደስ አለኝ። ለሳቸው ግን አልነገርኩም፤ ይኮሩብኛል።

ረቡዕ

መጻፍ አልፈልግም።

ሁለቱም በጀርባቸው ተኝተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንፋሻቸው ረግቶ ነበር። መምሬ ደሴ፣ የእትዬ አስካለ የንስሐ አባት፣ በጓሮ በር ብቅ አሉ። "ኖር!" ብለው ሁለቱም ከመሬት ተፈናጠሩ። በጎን መዞር የለ፣ ቁጭ ማለት የለ። ትልቅ ሰው ሲመጣ ብድግ ነው፤ አለቀ።

መምሬ "በእግዜር" ብለው ሳይጨርሱ እትዬ አስካለ አመድ መሰሉ። ተንገዳገዱና ወደቁ። ጋሽ ሰይድ ክንዳቸውን ባይዙ ኖሮ ጭንቅላታቸው ግንዱን ሊመታ ነበር።

አባዬ፣ "ሁለተኛ ሰው ከወደቀ ሰሌኑን አቃጥለዋለሁ" አለ።

ሐሙስ

ክሊኒክ ወሰድናቸው። ነርሷ፣ "የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከተኛበት ብድግ ሲል ያዞረዋል። ቀስ ብለው ነው የሚነሱት" አለች። ይሄንንማ ሰኞ ተናግሬያለሁ! ጂሙ ውስጥ ግን ቄስ አይገባም፤ ስለዚህ ነገር ማንም አላስተማረኝም።

እትዬ አስካለ ሱቃቸው ውስጥ ተመልሰው ወንበር ላይ ናቸው።

"እትዬ፣ ሰው ቢመጣም ተኝተው ይቆዩ።"

"ለመምሬ? ተኝቼ? ሬሳ ካልሆንኩ በቀር!"

"እሺ፣ ነገ ይመጣሉ?"

"እንጃ ልጄ። ፈራሁ።"

እትዬ አስካለ ፈራሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ወገባቸውን ላድን ብዬ ልባቸውን ሰበርኩት።

ዓርብ

ማንም አልመጣም። ጋሽ ሰይድ ጁምዓ ነው አሉ። ጁምዓ ቀትር ላይ ነው፤ ስፖርቱ በጠዋት።

መምሬ ቤት ሄድኩ። "አባቴ፣ እባክዎ በስፖርት ሰዓት አይምጡብን።"

"ከገዛ ልጄ ልትከለክይኝ?" ብለው ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸውን ዋጡት። "እኔ ነኝ የጣልኳት በይኛ።"

አይደሉም ማለት ነበረብኝ። ባለጌ ነኝ።

"ትመጣለች" አሉ። "እልክልሻለሁ።"

ቅዳሜ

መጡ። እትዬ አስካለ እንደ ተቀጣ ተማሪ አኩርፈው፣ ግን መጡ። ጋሽ ሰይድም።

ጥቂት ብቻ ሠራንና አስተኛኋቸው። ያን ጊዜ ከበሩ ውጭ የመምሬ ጉሮሮ ተጠረገ። "እንዳትነሱ! የተነሳ የንስሐ ልጄ አይደለም!"

ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "እኔ ድሮም አይደለሁም" ብለው መነሳት ጀመሩ።

"ቀስ!" ብዬ ጮህኩ። በጎናቸው ዞሩ።

"ሰይድ ተነስቶ እኔ ልጋደም?" እትዬ አስካለም ዞሩ። ክንዳቸውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። አራት እየቆጠርኩ አየር አስሳብኳቸው፣ ስድስት እየቆጠርኩ አስለቀቅኳቸው። ደጋገምን።

"ደረሳችሁ?" አሉ መምሬ፣ ፀሐይ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው።

"ገና ነን አባቴ!"

አንድ ጉልበት። ግንዱን ያዝ። ሌላው ጉልበት። ቆሙ።

"ኖር!"

"በእግዜር!" መምሬ ያን ጊዜ ገቡ፤ ላብ በላብ ሆነዋል።

እትዬ አስካለን ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። "ምን ታፈጪብኛለሽ? አልዞረብኝም" አሉ። እጃቸው ግን ትከሻዬን ለረጅም ጊዜ አልለቀቀም። አባዬ በመስኮት ያይ ነበር፤ መጋረጃውን መለሰው።

እትዬ አስካለ ሰኞ ይመጡ እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ሲሄዱ የተኙበትን ሰሌን ራሳቸው ጠቅልለው ለብቻው አቆሙት። "ይቺን ለሌላ ሰው እንዳታነጥፊ" አሉኝ።

እኔም በጀርባዬ ልተኛ።